ቀስ ብለው ይንፉ፣ ጋሼ

ጨዋነት ለሳንባ አደገኛ ነው። እንዲህ ብሎ የጀመረ ሰው ትልቅ ታሪክ ይዟል ብላችሁ ከጠበቃችሁ ግን ይቅርታ... የእኔ ታሪክ ስለ አንድ ትንፋሽ ብቻ ነው። መነገር የሚገባው መሆኑንም እርግጠኛ አይደለሁም፤ ሁለት ጊዜ ጽፌ ሁለት ጊዜ ሰርዤዋለሁ።

ቦንጋ የመጣሁት ነርሲንግ ልማር ነው፤ አንደኛ ዓመት ነኝ። የተከራየሁት ጋሽ አሰፋ ግቢ ነው። ጋሽ አሰፋ ማንኪራ ጫካ ውስጥ ረጃጅም ዛፎች ላይ ቀፎ ሰቅለዋል። ማር ሊቆርጡ ሲወጡ ገመድና ጭስ ይይዛሉ፤ ስድሳ ዓመታቸውን ከዛፉ ሥር ትተውት ነው የሚወጡት። ዘንድሮ ግን ሳል ያዛቸው። ባለቤታቸው እትዬ አየለች ሐኪም ቤት ሂድ ብለው ቢወተውቱም፣ መርፌ ፈርተው እምቢ አሉ። እዚህ ላይ ማንም ሳይጠይቀኝ ገባሁበት።

"ጋሼ፣ ይሄ መርፌ የለውም፣ ደምም አይወስዱም። ቱቦ ውስጥ ይነፋሉ፣ መሣሪያው ስለ ሳንባዎ ይናገራል።"

"መንፋት ብቻ?"

"መንፋት ብቻ።"

"እሱንማ ስሠራው ኖሬያለሁ" ብለው ኮታቸውን ለበሱ።

ለልምምድ የምሄድበት ሐኪም ቤት ሲስተር ምሕረት መሣሪያውን አሳየችኝ። ከእጅ ስልክ ብዙም አይበልጥም፤ የካርቶን ቱቦ ይሰካበታል። ታካሚው አየር ሞልቶ ይስብና በአንድ ጊዜ በኃይል ይነፋል። አጠገቡ የቆመው ባለሙያ ደግሞ "ንፋ፣ ንፋ፣ ንፋ" እያለ እስከ መጨረሻው ይጮህበታል። ይህን እንደነገረችኝ ወደ ሌላ ክፍል ተጠራችና "አንተ አስነፋቸው" ብላኝ ሄደች።

እስቲ እናንተ ፍረዱኝ። እናቴ ያሳደገችኝ ትልቅ ሰው ፊት ድምፅህን ከፍ እንዳታደርግ ብላ ነው። ያውም ወረፋ ጠባቂ በሞላበት የሐኪም ቤቱ አዳራሽ፣ እንደ ልጃቸው የሚያዩኝ ጋሽ አሰፋ ላይ እንዴት ልጩህ? ጎንበስ ብዬ "ቀስ ብለው ይንፉ፣ ጋሼ፤ አይቸኩሉ" አልኳቸው። ምክሬን ወደዱት። ለካ ንብ ላይ ጭስ የሚነፋውም እንደዚያ ነው፤ በኃይል ከነፉት ፍሙ ይበተናል፣ ንቡም ይቆጣል። ከንፈራቸውን አሹለው፣ የተኛ ሕፃን ፊት ላይ ያረፈች ዝንብ እንደሚያባርር ሰው ነፉ። ሦስት ጊዜ። እኔም ሦስቴ "ጎበዝ" አልኩ።

ሲስተር ተመልሳ ውጤቱን ስታይ ፊቷ ተለወጠ። የአየር ቧንቧዎ ክፉኛ ጠቧል፣ ምርመራው እስኪደገም ድረስ ጭስም ዛፍም ይቅርብዎ አለቻቸው። እትዬ አየለች ገመዱን ሳጥን ውስጥ ቆለፉበት። የማሩ ወቅት ደርሷል፤ ጋሽ አሰፋ በረንዳ ላይ ተቀምጠው ወደ ማንኪራ ያያሉ።

"አርባ ዓመት የወጣሁትን ዛፍ ሌላ ሰው ሊወጣው ነው" አሉኝ አንድ ቀን። ሳሉ እንኳ ቀንሶላቸው ነበር፤ የጠፋው ጨዋታቸው ነው።

በዚያው ሳምንት መምህራችን ስለ መሣሪያው አስተማረን። ቀስ ተብሎ ከተነፋ ጤነኛውን ሳንባ በሽተኛ ያስመስለዋል አለ። ሁሉም ጻፈ። እኔ ብዕሬን አስቀመጥኩ።

ለሲስተር ነገርኳት። "ቅዳሜ አምጣቸው፤ የምትጮኸው ግን አንተው ነህ" አለች። ቤት ሄጄ ለጋሽ አሰፋም ተናዘዝኩ።

"ታዲያ ያኔ ለምን አልጮህክብኝም?"

"አፍሬ ነው፣ ጋሼ።"

"ዛፌን ለሌላ ሰው ስትሰጥስ አላፈርክም?"

ቅዳሜ አዳራሹ ጢም ብሏል። ዓይኔን ጨፍኜ፣ እናቴን በልቤ ይቅርታ ጠይቄ ጮህኩ። "ይንፉ! ይንፉ! አሁንም ይንፉ!" ወረፋ ጠባቂው ሁሉ ብድግ አለ፤ አንዲት ሴትዮ ልጇን እቅፍ አደረገች። ጋሽ አሰፋ እንደታዘዘ ወታደር ነፉ። ሲስተር ደጋግማ አስነፍታ ውጤቱን አየችና ሳንባቸው ለዕድሜያቸው ደህና ነው፣ ሳሉ የጉንፋን ቅሪት ነው፣ ጭሱን ብቻ ይቀንሱ አለች። እትዬ አየለች ሳጥኑን ከፈቱ፤ ግን ተማሪው ከዛፉ ሥር ቆሞ ይጠብቅ ብለው አዘዙ።

ማንኪራ ሄድን። ጋሽ አሰፋ ዛፉ ላይ ወጥተው ቀፎው አፍ ላይ ጭሱን በቀስታ መንፋት ጀመሩ። እኔ ደግሞ... ምን ያህል እንደተሻሻልኩ እንዲያዩልኝ ብዬ፣ ከሥር ሆኜ "ይንፉ!" ብዬ ጮህኩ። ጋሽ አሰፋ ሳያስቡት ልክ እንደ አዳራሹ ነፉ። ፍሙ ተበተነ። ንቦቹ ጥፋተኛውን ለመለየት ወረፋ አልያዙም፤ ቀጥታ ወደ እኔ ወረዱ። ስሮጥ ከላይ የጋሽ አሰፋን ሳቅ ሰማሁ፤ ሳል የማያቋርጠው ረጅም ሳቅ ነበር።

ነገሩ ሁሉ ያለቀው ንብ ነድፎት ያበጠው የግራ ዓይኔ በተገለጠበት ቀን፣ ሚያዝያ ሃያ አራት ነው።