ያልተወለወለው መስታወት

ነሐሴ አምስት ቀን 2013 ዓ.ም. ነበር። ወይስ ስድስት? ጎረቤቴ እትዬ ቶይባ «ማክሰኞ ነበር፤ የወልድያ ገበያ ቀን» ይላሉ፤ ማክሰኞ ከሆነ ደግሞ አራት ነው። በዚያ ሰሞን ቀኖቹ እርስ በርሳቸው ስለተጠላለፉብን ማንንም አላርምም። የማልጠራጠረው አንድ ነገር ብቻ ነው፤ በዚያ ቀን ከመርሳ ወደ ወልድያ አንድ የመኪና እሽቅድድም ተጀመረ፣ ይህን እስከምጽፍበት ሰዓት ድረስም አላለቀም።

በየከተማው እንዲህ ያለ ሰው አይጠፋም፤ ሌላ መኪና ከቀደመው ዘር ማንዘሩ የተሰደበ የሚመስለው፣ እሱ ከቀደመ ግን የቀደመው ግመልም ቢሆን በድል የሚቆጥር። ደሴ አለ፤ ኮምቦልቻም አለ። የእኛ የመርሳው ግን የሁሉም አውራ ናቸው፤ ክቡር ሻምፒዮን ጋሽ ጀብሪል፣ የእትዬ ቶይባ ባል፣ በሥራ ጨርቅ ነጋዴ፣ በነፍስ እሽቅድምድመኛ፣ የአንዲት ሰማያዊ ቮልስ ባለቤት። በቮልሷ በር ላይ በነጭ ቀለም ሰባት ቁጥር ተጽፏል። አንድ ትራፊክ አስቁሞ «ይህ ምንድን ነው?» ቢላቸው፣

«የተወዳዳሪ ቁጥር» አሉ።

«የቀሩት ስድስቱስ የት አሉ?»

«ከኋላ እየመጡ ነው።»

ነገሩ የጀመራቸው በንጉሡ ዘመን ነው። እንደሚሉት፣ ቁጥር የተለጠፈባቸው መኪኖች እየተከታተሉ በመርሳ ሲያልፉ አንዱ ውሃ ለመጨመር ቆመ። ሕፃኑ ጋሽ ጀብሪል በለበሱት ሽርጥ የፊት መስታወቱን ወለወሉለት። ነጂው እጁን ግንባሩ ላይ አድርጎ እንደ ወታደር ሰላም አላቸውና ተፈተለከ። አንዳንድ ሰው በአንድ ሰላምታ ዕድሜውን ሙሉ ይኖራል።

የእህታቸውን ልጅ የሉብናን ሰርግ መርሳ ውስጥ የማያነሳ የለም። ሙሽሪትን ጭነው ከውርጌሳ ሲመጡ የሙሽራው መኪና ከፊት መሆኑን አልወደዱትም። ቀደሙት። አጃቢውንም ቀደሙት። ሙሽራው ቤት ሲደርሱ ተቀባዮቹ ገና ልብስ እየቀየሩ ነበር።

«ጋሼ፣ ያለ ባል ዳሩኝ እኮ!» ብላ አለቀሰች ሉብና።

«ባልሽ መታጠፊያው ላይ ፈዘዘ፤ እኔ ምን ላድርግ? መታጠፊያ ይፍረድ!»

ይህች «መታጠፊያ ይፍረድ» የንግግራቸው ሁሉ መዝጊያ ናት። ገበያ ቢቀዘቅዝ፣ ጥርሳቸውን ቢያማቸው፣ መንግሥት ቢለወጥ፣ መታጠፊያ ይፍረድ።

ባላጋራ የሌለው ሻምፒዮን እብድ ይባላል። ጋሽ ጀብሪልን ከዚህ ስም ያተረፏቸው አቶ ፈንታው ናቸው፤ ወልድያ ልብስ የሚሰፉ፣ ነጭ ፊያት የሚነዱ፣ እሑድ ቅዳሴ የማያመልጣቸው ሰው። በገበያ ቀን በማለዳ መርሳ መጥተው ከጋሽ ጀብሪል ሱቅ ጨርቅ ይጭናሉ። ከዚያ ሁለቱ መኪኖች ጎን ለጎን ቆመው ያጓራሉ፤ ወደ ወልድያ ይለቀቃሉ። ሰዓት አይዙም። የቮልሷ ቴፕ የመንዙማ ካሴት ይጎርሳል፤ አንዱ ገጽ ሳያልቅ ወልድያ የገባ ነድቷል ይባላል፤ ካሴት ያስገለበጠ ግን በሬ ጠምዶ ቢሄድ ይሻለዋል።

ደንቡም አንድ ነው። የተሸነፈው ወልድያ መግቢያ ላይ ወርዶ፣ ሰው እያየ፣ የአሸናፊውን የፊት መስታወት በገዛ ልብሱ ይወለውላል። አቶ ፈንታው በጋቢያቸው፣ ጋሽ ጀብሪል በሽርጣቸው። «እኔና የፈንታው ሚስት፣ የሻረግ፣ ዕድሜያችንን የጨረስነው የእነሱን ሽንፈት ስናጥብ ነው» ይላሉ እትዬ ቶይባ።

በዚያ ቀንም፣ ማክሰኞ ከሆነ ማክሰኞ፣ ዝናብ እያካፋ ተነሡ። ጦርነቱ ቀረበ ይባል ነበር፤ ግን ሲባል የከረመ ነገር ነው። ሲሪንቃ ላይ መንገዱ በሰው ተሞልቶ ጠበቃቸው። ከወልድያ የሚወርድ ሕዝብ ነው፤ ፍራሽ የተሸከመ፣ በግ የሚጎትት፣ እናቱን ያዘለ። ሁለቱም ቆሙ።

«የሻረግ ብቻዋን ናት» አሉ አቶ ፈንታው በመስኮት።

«ፈንታው! ይሄ ግን አይቆጠርም!»

«አይቆጠርም! አመጣትና እንጨርሰዋለን!»

ፊያቷ ሕዝቡን እየሰነጠቀች ስታልፍ የሲሪንቃን ጭቃ አንሥታ የቮልሷን የፊት መስታወት ለወሰችው። ጋሽ ጀብሪል የቻሉትን ያህል ሽማግሌና ሕፃን ጭነው ወደ መርሳ ተመለሱ። ከዚያ በኋላ መንገድም፣ ስልክም፣ መብራትም ተቋረጠ። ከተማዋም በታጣቂዎች እጅ ወደቀች።

እኔ ያኔ የሟች እናቴን ቤት ልሸጥ ከአዲስ አበባ መጥቼ መንገድ የተዘጋብኝ መምህር ነኝ። መኪና እየተወሰደ ነው ሲባል ጋሽ ጀብሪል የቮልሷን ጎማዎች ፈትተው ደበቁ፤ እሷን ጓሮ ውስጥ ድንጋይ ላይ አስቀምጠው በማሽላ አገዳ ሸፈኗት። አንድ ጀሪካን ቤንዚን ከበጎቹ ጋጥ ሥር ቀበሩ። እትዬ ቶይባ ጭቃውን በእርጥብ ጨርቅ ሊጠርጉት ቢሞክሩ ጮኹባቸው።

«ተዪ! ማን እንደተሸነፈ ሳይታወቅ መስታወት አይወለወልም!»

አንድ ከሰዓት በኋላ በአጥሩ ቀዳዳ ጠሩኝ።

«መምህር፣ ና ግባ። ብቻውን የሚነዳ ሰው ይተኛል።»

አገዳውን ገልጬ ከጎናቸው ተቀመጥኩ። ማርሽ አስገቡ፤ ውጭ እንዳይሰማ በለሆሳስ፣ በከንፈራቸው ሞተሩን አስነሡት። ባትሪው ተነቅሎ ስለነበር መንዙማውንም የሚያንጎራጉሩት እሳቸው ናቸው። በየመታጠፊያው ወደ እኔ ዘንበል ይላሉ፤ እኔም ሳላስበው አብሬ ዘንበል። ከዚያ ቀን ወዲህ የማንሄድበት ቀን አልነበረም።

«የት ደረሳችሁ?» ይላሉ እትዬ ቶይባ ከውጭ፣ አገዳውን በእንጨት እየመቱ።

«ሲሪንቃ!»

«በሉ ስትመለሱ ሽንኩርት አምጡልኝ!»

ከሲሪንቃ ግን አልፈን አናውቅም። እዚያ ሲደርሱ ፍሬን ይይዛሉ፤ መንዙማውንም ያቆማሉ።

«ለምን አንቀጥልም፣ ጋሽ ጀብሪል?» አልኳቸው አንድ ቀን።

«ፈንታው ቆሞ ይሆናላ። የቆመ ሰው መቅደም ነውር ነው።»

እኔም የልጆቼን ድምፅ ከሰማሁ ሰንብቼ ነበርና፣ ሲሪንቃ ላይ አብሬያቸው እጠብቅ ነበር። ጭቃ በለበሰው መስታወት ምንም አይታይም። ሁለታችንም ግን ወደ ፊት እናያለን።

በዚህ በታኅሣሥ መንገዱ ተከፈተ። ከወልድያ የመጣ አንዱ የተቃጠለ ነጭ ፊያት አይቻለሁ አለ። ሌላው ደግሞ አቶ ፈንታውን በዓይኔ በብረቱ አየኋቸው አለ፤ የት እንደሆነ ሲጠየቅ ግን ያዝ ለቀቅ አደረገው። ጋሽ ጀብሪል ሁለቱንም ሰምተው «መታጠፊያ ይፍረድ» አሉ፤ ድምፃቸው ግን እንደ ወትሮው አልነበረም።

ዛሬ ጠዋት ጎማዎቹና ባትሪው ገቡ፤ ጀሪካኑ ተገለበጠ፤ ሰፈሩ ገፍቶ ቮልሷን አስነሣት። ጋሽ ጀብሪል የዒድ ልብሳቸውን ለብሰዋል። እኔ ስቀመጥበት በከረምኩት ወንበር ላይ ከሱቃቸው የወጣ፣ እጥፋቱ ያልተፈታ አዲስ ነጭ ሽርጥ ተቀምጧል።

«ይህስ ለምንድን ነው?»

«ለመወልወያ። ተሸንፌያለሁ።»

«ሳትጨርሱት?»

«ፈንታው ብቻ መስታወቱን ይዞ ይቁምልኝ እንጂ፣ ተሸንፌያለሁ።»

ካሴቱን አጎረሷት። የራሳቸው መስታወት ከነጭቃው ነው፤ አንገታቸውን በመስኮት አውጥተው መንዳት ጀመሩ። እንዴት ቀስ ብለው! እኚያ የሙሽራን አጃቢ የቀደሙ ሰው! መጀመሪያ ባጃጅ አለፋቸው። ቀጥሎ ሽንኩርት የጫነ የአህያ ጋሪ አለፋቸው። እሳቸው ዞር ብለውም አላዩት። እትዬ ቶይባ «ወይ ጉድ፣ ጋሪ ቀደመው!» አሉና አፋቸውን በሻሻቸው ጫፍ ያዙ። ማንም አልሳቀም።

በዚህ አነዳድ ካሴቱ ሲሪንቃ ሳይደርስ ይገለበጣል ብዬ አሰብኩ። ያን ጊዜ ነው እግሬ የተንቀሳቀሰው። ሽርጡን ጭኔ ላይ ይዤ ልቀመጥ፣ ብቻውን የሚነዳ ሰው ይተኛል ልላቸው፣ አብሬ ልምጣ ወይ ብዬ ልጠይቃቸው ሮጥኩ፤ ቮልሷ ግን መታጠፊያውን ዞራ ነበር።