መዳቡ እንዳይቀጥን

በዓለም ላይ ብዙ ታላላቅ ሰዎች ብዙ ነገር አግኝተዋል፤ በእጣቢ ውስጥ ሀብት ያዩት ግን የእኛ ሥራ አስኪያጅ ብቻ ናቸው። ዕድሜ ይስጣቸው! ፋብሪካችን ዕቃ በመዳብ ይለብጣል፤ ከልባጡ የተረፈው መዳብ ከቆሻሻው ውሃ ጋር ጉድጓድ ይገባ ነበር። ይህን መዳብ መልሶ የሚለቅም ማሽን ተተከለ። ማሽኑም ምንም አልለቀመም።

ባለሙያው «ውሃው ቀጥኗል» አለ። ሥራ አስኪያጁ ጥናት አካሄዱ፤ ማለትም በመስኮት ብቅ ብለው አዩ። ለካስ የወጥ ቤቱ እጅ መታጠቢያም ወደዚያው ጉድጓድ ይፈሳል! ወዲያው «ሀብትን ከብክነት የመታደግ አቅጣጫ» ተቀመጠ። በሰውኛ ሲነገር፣ የወጥ ቤቱ ቧንቧ ተዘጋ።

«ጌታዬ፣ እጃችንን በምን እንታጠብ?» አለች ዋናዋ ወጥ ሠሪ። ጨው ስታ ስለማታውቅ «እትዬ ልክ» እንላታለን።

«ጨርቅ የለም እንዴ?»

«ከሽንት ቤት ስንመለስስ?»

«ታዲያ ማን ሂዱ አላችሁ?»

መዳቡ ወፈረ፣ ተጨበጨበ። የወጥ ቤት ሰዎች ግን ሆዳቸውን ይዘው መሮጥ ጀመሩ፤ ሲመረመሩም ሁሉም አሜባ ተገኘባቸው። የአመራር ኮሚቴው በጥልቀት ተወያይቶ ጥፋተኛውን ለየ። እትዬ ልክ በንጽሕና ጉድለት ትሰናበት! ልጆቿን ብቻዋን የምታሳድግ ሴት ናት፤ እኔ በበኩሌ አንጀቴ አረረ። ችግሩ፣ በማግስቱ ማሽኑ ይመረቃል፤ የእንግዶቹን ምሳ ደግሞ እንደ እሷ የሚያሳምረው የለም፤ ስለዚህ ምሳውን ሠርታ እንድትሰናበት ታዘዘች።

«ሐኪሙ ምግብ አትንኪ ብሎኛል» አለች።

«እስከ ምሳ ድረስ ጤነኛ ነሽ» አሉ ሥራ አስኪያጁ።

«ኧረ በልጆችዎ! ሰው ልጨርስልዎት ነው?»

«እምቢ ካልሽ የአገልግሎት ክፍያሽንም እርሺው።»

«እሺ፣ ቧንቧውን እንኳ ይክፈቱልኝ።»

«እንግዳ ፊት መዳቡ ይቅጠን? ምን ነካሽ!»

ምን ታድርግ፣ ሠራች። ስለ ጥራት ረጅም ንግግር ተደረገ፣ ምሳው ተበላ፣ ጣት ተላሰ። ሳምንት ሳይሞላ ሥራ አስኪያጁ አልጋ ያዙ። አሜባ ነው ተባለ።

ኮሚቴው ደንግጦ ተሰበሰበ። በሥራ ላይ ለደረሰባቸው ከባድ ጉዳት ካሳ፣ ከሙሉ ደመወዝ ጋር ዕረፍት፣ በተጨማሪም ምስጋና ወሰነላቸው። እትዬ ልክ ሽርጧንና ቢላዋዋን ልትወስድ መጥታ ይህን ሰማች።

«እንዴ! ያው የእኔው አሜባ አይደለም እንዴ?»

የኮሚቴው ጸሐፊ ለሕፃን እንደሚያስረዳ ሰው ድምፁን አለዘበ።

«አሜባውማ አንድ ነው፣ እትዬ። ደረጃው ነው የሚለያየው።»