የድንጋይ በር ኤሊዎችና የተዘጋችው ማለፊያ

የድንጋይ በር ሰፈር የአጥርና የምንጭ ጥበቃ ኮሚቴ አስቸኳይ ስብሰባ

ቀን፦ ሰኞ፣ ጥቅምት 4 ቀን 2017 ዓ.ም.
ቦታ፦ መርሐቤቴ፣ ድንጋይ በር፣ በሰብሳቢው ግቢ ከወይራው ሥር

ስብሰባው የተጠራው ለሁለት ሰዓት ሲሆን የተጀመረው ሦስት ሰዓት ተኩል ላይ ነው። መዘግየቱ የተለመደ ስለሆነ ምክንያቱ አልተመዘገበም።

የተገኙ፦
1. አቶ አስፋው — ሰብሳቢ፣ የጎመን ማሳው ባለቤት
2. አቶ ቢተው — አባል
3. አቶ እሱባለው — አባል፣ አምና ዓለም ከተማ ሥልጠና የወሰዱ
4. ወ/ሮ ሐጂራ — አባል፣ ባለሱቅ
5. መምህር አትናቴዎስ (ጡረተኛ) — ጸሐፊ፣ ድምፅ የማይሰጥ

ተጠርተው የቀረቡ፦ ወ/ሮ መንበረ፣ የሰብሳቢው አዋሳኝ

ያልተገኙ፦ ሦስት አባላት። ሁለቱ ገበያ ሄደዋል፤ አንዱ ከሰብሳቢው ጋር አይነጋገሩም።

ምልአተ ጉባኤ፦ ከሰባት አባላት አራቱ ሲገኙ ይሟላል። ወ/ሮ ሐጂራ ከአራቱ አንዱ አቶ ቢተው እንቅልፍ ላይ መሆናቸውን ጠቁመው ይቆጠሩ እንደሆነ ጠይቀዋል። ሰብሳቢው ደንቡ «የተገኘ» እንጂ «የነቃ» እንደማይል አስረድተው ጉባኤው መሟላቱን አብስረዋል።

አጀንዳ 1፦ ስለ ኤሊዎቹ

ሰብሳቢው ባቀረቡት ሪፖርት፣ ከቆላው የሚወጡ ሦስት ኤሊዎች በወ/ሮ መንበረ ግቢ እያደሩ፣ በሁለቱ ግቢዎች መካከል ባለው የድንጋይ ካብ ማለፊያ እየሾለኩ ጎመናቸውን እየጨረሱባቸው መሆኑን ገልጸዋል። ማለፊያዋ እንድትዘጋም ጠይቀዋል።

ለማያውቅ አንባቢ፦ ወ/ሮ መንበረ ውሃ የሚቀዱት በዚችው ማለፊያ ወጥተው፣ በሰብሳቢው ማሳ ጠርዝ ባለችው የእግር መንገድ ምንጩ ድረስ ሄደው ነው። ማለፊያዋ ከተዘጋች የሚቀራቸው የገደሉ መንገድ ብቻ ነው። ዕድሜያቸው ሰባ አልፏል። ሰብሳቢው ያችን የእግር መንገድ ወደ ማሳቸው የመቀላቀል ሐሳብ እንደሌላቸው ሁለት ጊዜ አስመዝግበዋል። የጠየቃቸው ሰው አልነበረም።

አቶ እሱባለው ጉዳዩ ዘላቂ መፍትሔ እንደሚሻ ገልጸው፣ ኤሊዎቹ ቀለም ተቀብተው እንዲመዘገቡ ሐሳብ አቅርበዋል። ከተመዘገቡ በኋላ ምን እንደሚደረግ ሲጠየቁ፣ እሱ በሁለተኛው ዙር ሥልጠና እንደሚሰጥ መልሰዋል።

አቶ ቢተው ነቅተው፣ ከብት ሰው ማሳ ሲገባ ባለቤቱ ዋስ ጠርቶ ካሳ መክፈል የአባት ደንብ መሆኑን አስታውሰዋል። ኤሊ ባለቤት እንደሌላት ሲነገራቸው፣ ያደረችበት ግቢ ባለቤት ባለቤቷ ነው ብለዋል።

ወ/ሮ መንበረ፣ «ትናንት ማታ ጅብ በደጅህ አልፏል፤ እንግዲህ ያንተ ነው፣ ዋስ ጥራለት» ሲሉ መልሰዋል። አቶ ቢተው ንግግሩ ከጉባኤው መዝገብ እንዲሰረዝ ጠይቀዋል። ጸሐፊው የተነገረውን እንደሚጽፍ ገልጿል።

ወ/ሮ ሐጂራ፣ «ወላሂ፣ ኤሊዋ ከኛ ትፈጥናለች። እኛ አንድ ቃል ሳንወስን እሷ አንድ መደብ ጎመን ትጨርሳለች» ብለዋል። ማለፊያዋ ብትዘጋ እማማ መንበረ ውሃ ከየት ይቅዱ ሲሉም ጠይቀዋል። ሰብሳቢው የውሃ ጉዳይ በአጀንዳው ውስጥ እንደሌለ ገልጸዋል። የኮሚቴው ስም ላይ «ምንጭ» የሚል ቃል እንዳለ ሲነገራቸውም፣ ስም አጀንዳ አይደለም ብለዋል።

ወ/ሮ መንበረ፣ «አስፋው፣ ኤሊዎቹን ዛሬ ጠዋት...» ብለው ሲጀምሩ፣ ሰብሳቢው አስተያየት የሚሰጠው በ«ልዩ ልዩ» ሥር ነው ሲሉ አቋርጠዋቸዋል። ወ/ሮ መንበረ እንደገና ሞክረው እንደገና ተቋርጠዋል። በሦስተኛው፣ «እሺ፣ ልዩ ልዩ እስኪደርስ እጠብቃለሁ፤ እኔ ጎመን የለኝ» ብለው ተቀምጠዋል።

ከረጅም ውይይት በኋላ፣ በሦስት ድምፅ ድጋፍና በአንድ ተቃውሞ (ወ/ሮ ሐጂራ) የሚከተለው ተወስኗል፦

ሀ. ማለፊያዋ ዛሬውኑ በድንጋይ ትዘጋ።
ለ. አንዴ ከተዘጋች ያለ ሁለቱም አዋሳኞች ፈቃድ እንዳትከፈት።

«ለ» በሰብሳቢው ጥያቄ የተጨመረ ነው። ሰብሳቢው ይህ ወ/ሮ መንበረ ነገ ሰው ለምነው እንዳያስከፍቱ ነው ብለው፣ ጸሐፊው ጎላ አድርጎ እንዲጽፈው አሳስበዋል። ጎልቶ ተጽፏል።

አጀንዳ 2፦ ስለ ውሳኔው አፈጻጸም

ጉባኤው ተቋርጦ አባላት ማለፊያዋን ዘግተዋል። አቶ እሱባለው ድንጋይ ሲያቀብሉ፣ አቶ ቢተው ሲያመሰግኑ፣ ሰብሳቢው ሲደረድሩ ቆይተዋል። ሥራው በጥሩ ጥራት ተጠናቋል። ኮሚቴው ከተቋቋመ ጀምሮ የተጠናቀቀ ሥራ ይኸ የመጀመሪያው ነው።

አጀንዳ 3፦ ልዩ ልዩ

ሰብሳቢው አሁን ለወ/ሮ መንበረ ዕድል ሰጥተዋል። ወ/ሮ መንበረ፣ «ልነግርህ የሞከርኩት፣ ሦስቱም ጠዋት ወደ አንተ ገብተዋል። ፀሐይ ሲከርር በዚያችው ማለፊያ ወደኔ ቁልቋል ጥላ ይመለሱ ነበር። አሁንማ ዘጋህባቸው፤ እነሱ ሌላ መንገድ አያውቁ። ምሳም ራትም አንተው ጋ ነው» ብለዋል።

ሰብሳቢው ወደ ማሳው ሮጠዋል። ጉባኤው ተከትሏቸዋል። ሦስቱ ኤሊዎች በጎመኑ መካከል ተገኝተዋል። አንዷ ራሷን ቀና አድርጋ ጉባኤውን ከተመለከተች በኋላ ወደ ሥራዋ ተመልሳለች።

ሰብሳቢው አንሥቶ የሚያወጣ ፈቃደኛ ጠይቀዋል። አቶ ቢተው ኤሊ ያነሣ ሰው ማሳው ዝናብ ያጣል ብለው አባታቸው እንደነገሯቸው ገልጸዋል። አቶ እሱባለው ማንሣት በሥልጠናው አልተካተተም ብለዋል። ወ/ሮ ሐጂራ በተቃውሞ ድምፃቸው እንደጸኑ ናቸው። ሰብሳቢው ራሳቸው አንዷን ቢያነሡ ሽንቷን በጋቢያቸው ላይ ስለለቀቀች መልሰው አስቀምጠዋታል።

ሰብሳቢው ካቡ ባስቸኳይ እንዲፈርስ አዘዋል። ጸሐፊው ውሳኔ «ለ»ን አንብቧል። ሰብሳቢው ደግሞ እንዲነበብ ጠይቀዋል። ተነብቧል፤ ቃሉ አልተለወጠም።

ሰብሳቢው ወ/ሮ መንበረን፣ «እማማ፣ እባክዎ ይፍቀዱ፤ ጎመኑ እያለቀ ነው» ሲሉ ለምነዋል። ወ/ሮ መንበረ፣ «ጥርስ ያወጣኸው በዚያች ምንጭ ውሃ ነው፤ እናትህ ሲያጥቡህ ባልዲውን የያዝኩት እኔ ነኝ። ዛሬ እኔን በገደል ልትሰድደኝ ነበር። መንገዷ የመንበረ ናት ተብሎ ይጻፍ፤ ያኔ እፈቅዳለሁ» ብለዋል። ሰብሳቢው ሊያስቡበት ጊዜ ጠይቀዋል። በዚህ ጊዜ ሁለተኛዋ ኤሊ ወደ ቀጣዩ መደብ ተሻግራለች። ሰብሳቢው አስበው ጨርሰዋል።

በሙሉ ድምፅ የሚከተለው ተወስኗል፦ በዛሬው ቀን የተወሰነው ሁሉ ተሽሯል። ማለፊያዋ ትከፈት፤ ጄሪካን ያዘለ ሰው ሳይነካ እንዲያልፍባት ሆና ትስፋ። እስከ ምንጩ ያለችው የእግር መንገድ ለወ/ሮ መንበረና ከእሳቸው በኋላ ለሚመጣ ሁሉ ክፍት ናት።

አቶ ቢተው «ከእሳቸው በኋላ ለሚመጣ» የሚለው ኤሊዎቹን ይጨምር እንደሆነ ጠይቀዋል። ጥያቄው ለሚቀጥለው ጉባኤ ተላልፏል።

ካቡን ሰብሳቢው ብቻቸውን አፍርሰዋል። ወ/ሮ መንበረ ጄሪካናቸውን ይዘው መጀመሪያ አልፈዋል። ሰብሳቢው ሊከተሉ ሲሉ ሦስቱ ኤሊዎች ተራ በተራ ማለፊያዋ ውስጥ ስለገቡ፣ ጥጉን ይዘው እንዲጠብቁ ተደርጓል። ጉባኤው የመጨረሻዋ ኤሊ ካለፈች በኋላ ዘጠኝ ሰዓት ከሩብ ላይ ተበትኗል።