ጀልባዋ እንዴት አደረች?

የኛ ሰው ውሃ የሚወደው በብርጭቆ ብቻ ነው። ከብርጭቆ ከሰፋ ይፈራዋል፤ ስለፈራው ደግሞ ይሳለቅበታል!

ታላቅ ወንድሜ መስፍን ሚኒሶታ፣ ሴንት ፖል ከተማ፣ ወንዝ ዳር አሮጌ ባለ ሸራ ጀልባ ሲገዛ ያልሳቀ የለም። «ሳይቸግር ጤፍ ብድር» አሉት። ሰመር መጥቶ በሞቀ ቁጥር ሲጋብዛቸው ሁሉም ቀጠሮ ነበረበት። ምን ቀጠሮ? እንጃ... ውሃ የሌለበት ቀጠሮ!

ወንዙ በረዶ ሳይሆን ጀልባ ሁሉ በክሬን ከውሃ በሚወጣበት ሰሞን መስፍን ታመመ። ከዚያ... አረፈ። ክሬኑም ሥራውን ጨርሶ ሄደ። ጀልባዋ ሚኒሶታን በሚያህል ፍሪጅ ውስጥ ቀረች።

በረዶ ጀልባን እንደ እንቁላል ነው የሚሰብረው። የሚያድናት አንድ ፓምፕ ነው፤ ከሥሯ አየር እየነፋ ውሃውን ካንተከተከው አይረጋም። እሱን ልጠብቅ ብዬ ጀልባዋ ውስጥ መኖር ጀመርኩ። አትሳቁ... ከወንድሜ የቀረችኝ እሷ ናት።

«ብርድ እኮ ነው» ይሉኛል በስልክ። ለቀባሪው አረዱት!

አንድ ቅዳሜ ሊያጽናኑኝ መጡ። ሐዘንተኛ ብቻውን አይተውም አይደል? የመስፍን ጎረቤት የነበሩት የአስመራው ሰው ጋሽ ተስፋይ ሂተር ተሸክመው ገቡ። አክስቴ ብርቄ ዓይናቸውን ጨፍነው፣ በአራት እግራቸው እየዳሁ ገቡ።

«ምንድነው የሚንተከተከው? ሽሮ ጥደሃል?» አሉ አክስቴ።

«ፓምፑ ነው።»

«እንቅልፍ ይነሳሃል! በል ሂድ፣ ምግቡን ከመኪና አምጣ።»

ስመለስ ውስጡ ሞቋል። ሙቀት የጠማው ሰው ጆሮ የለውም... በላሁ፣ ሸኘኋቸው፣ ተኛሁ።

ጠዋት የቀሰቀሰኝ ጸጥታው ነው። ውጭውን ሳይ በረዶው ጀልባዋን እንደ ሲሚንቶ ይዟታል። ጎኗ ሲጥ ሲጥ ይላል። የፓምፑ ገመድ ተነቅሎ ወለሉ ላይ ተጋድሟል፤ በሶኬቱ ሂተሩ ተሰክቷል! ፓምፑን መልሼ ሰካሁና ደወልኩላቸው። እየሮጡ መጡ።

«ወንድሜን ቀበርን፤ ጀልባዋን ደግሞ እናንተ...» አልኩ።

ጋሽ ተስፋይ አንገታቸውን ደፉ። «ሶኬቱ አንድ ነው፣ ወደይ፣ ልጄ። አንተ ትሙቅ ብዬ ነው።»



ሦስታችንም ብርዱ ላይ ቆመን በረዶው ላይ ስናፈጥ ዋልን። ወደ ማታ ላይ አንድ አረፋ ብቅ አለ፤ ከዚያ ሌላ... ቀስ በቀስ ዙሪያዋን ውሃ ሆነ። አክስቴ እልል አሉ። ሐዘን ላይ!

ከዚያ ወዲህ ወሬውን የሰማ ሁሉ በተራ እየመጣ ሶኬት ይጠብቃል። እንዴት አደርክ የሚለኝ ጠፋ፤ «ጀልባዋ እንዴት አደረች?» ነው። ስትንሳፈፍ ያልቀረቧት ሁሉ፣ ታስራ በረዶ ሲከባት መርከበኛ ሆኑ!

በጸደይ ገመዷን ስፈታ ማን እንደሚሳፈር እናያለን። አክስቴን እንጃ... ጋሽ ተስፋይ ግን ከአሁኑ ካፖርታቸው ላይ የውሃ መንሳፈፊያ ላይፍ ጃኬት ደርበው ነው የሚመጡት። የመስፍን ነው። ጠቧቸዋል፤ ግን አያወልቁትም።