አንዲት እርምጃ ወደ ግራ

አዲስ አበባ ውስጥ የካራቴ ማስተር የሌለው ሰፈር የለም። ስልሳ ዓመት ያለፋቸው፣ ጀርባቸው እንደ ስልክ እንጨት የቀና፣ ታክሲ ሲጠብቁ እንኳ እግራቸውን በትከሻቸው ልክ ከፍተው የሚቆሙ ሰው ካያችሁ እሳቸው ናቸው። ማንንም ደብድበው አያውቁም። ስለማያውቁም የሰፈሩ ሰው ሁሉ እጃቸው ሰው ይገድላል ብሎ ያምናል።

የጉለሌው ማስተር ጀቤሳ ይባላሉ። ሠላሳ ዓመት የውሃ ቆጣሪ ሲያነቡ ኖረው ጡረታ ወጥተዋል። ከአዲሱ ገበያ ከፍ ብሎ ባለ አንድ አዳራሽ ውስጥ ግን ማክሰኞ፣ ሐሙስና ቅዳሜ ከሰዓት ካራቴ ያስተምራሉ። ማረም ይወዳሉ። ሚኒባስ ውስጥ የቆመውን ረዳት አቋቋም ያርማሉ። አንዴ ቀብር ላይ ሬሳ የተሸከሙትን ሰዎች አስቁመው፣ ክንዳቸው ከትከሻቸው ጋር እንዴት መሆን እንዳለበት አስረድተዋል። ሐዘንተኛው ሁሉ ቆሞ ጠበቃቸው።

ሰርኬ እሳቸው ዘንድ የገባችው በሠላሳ ስምንት ዓመቷ ነው። ሽሮ ሜዳ የሀበሻ ልብስ ትሸጣለች። ቀኑን ሙሉ ጎንበስ ቀና ስትል ወገቧ እምቢ አላትና ሐኪሙ "ስፖርት ስሪ" አላት፤ ለቤቷ የሚቀርበው ስፖርት ደግሞ ካራቴ ሆነ። በመጀመሪያው ቀን ቡጢ የምትማር መስሏት እጇን ጨብጣ ቀረበች።

"እጅሽን ፍቺና ተቀመጪ" አሏት ማስተር። "መጀመሪያ ታሪክ ነው።"

ሦስት ሳምንት ሙሉ ታሪክ ተማረች። ካራቴ ኦኪናዋ ከምትባል ደሴት ተነስቶ ወደ ቶኪዮ እንደተሻገረ፣ ሾቶካን የሚባለው የእነሱ ስልት ስሙን ያገኘው መሥራቹ ግጥም ሲጽፉ ይፈርሙበት ከነበረው "ሾቶ" ከሚለው ስም እንደሆነ፣ ትርጉሙም በነፋስ እንደ ማዕበል የሚወዛወዝ ጥድ ማለት እንደሆነ አወቀች። እዚህ ላይ ሲደርሱ ማስተር መስኮቱን ያስከፍታሉ። "እስቲ ስሙ! የእንጦጦ ባሕር ዛፍም ያው ነው!" ተማሪው በባዶ እግሩ እየተንቀጠቀጠ ይሰማል።

ከታሪክ ቀጥሎ ካታ መጣ። ካታ ማለት ፊት ለፊት የሌለን ባላንጣ እንዳለ አስቦ በተወሰነ ቅደም ተከተል መከላከልና መምታት ነው። የመጀመሪያው ሄያን ሾዳን ይባላል፤ ሃያ አንድ እንቅስቃሴ አለው። የሚጀምረው በመከላከል ነው፤ "ካራቴ ጠብ አይጀምርማ!" ይላሉ ማስተር። ከዘጠነኛው እንቅስቃሴ በኋላ፣ ከመዞር በፊት፣ አንዲት እርምጃ ወደ ግራ። በዚህች እርምጃ የተነሳ ካታው ሲያልቅ ሰው ከጀመረበት ቦታ ፈቀቅ ብሎ ይገኛል።

"ምክንያቱም" ይላሉ ጣታቸውን አንስተው፣ "ካታ ሠርቶ የጨረሰ ሰው ያው የድሮው ሰውዬ አይደለም።"

ሰርኬ ይህችን ነገር ወደደቻት። ያኔ ባሏን ከቀበረች ገና ዓመቷ ነበር። አንዲት እርምጃም ብትሆን ከነበረችበት ፈቀቅ ማለት ትፈልግ ነበር።

አራት ዓመት አለፈ። አምና ግንቦት ላይ ሰርኬና ሌሎች አራት ተማሪዎች ለጥቁር ቀበቶ ተፈተኑ። ፈታኙ ቶማስ የሚባል ትሑት ሰው ነው። እያንዳንዱ የሚጀምርበትን ቦታ በጠመኔ ምልክት አደረገ። አምስቱም ሲጨርሱ ከምልክቱ አንዲት እርምጃ ወደ ግራ ቆመው ተገኙ።

"ጋሼ ጀቤሳ፣ ይቅርታ ያድርጉልኝና፣ ይቺ እርምጃ ከየት መጣች?"

ማስተር ጣታቸውን አንስተው አስረዱ። ቶማስ እስከ መጨረሻው አዳመጣቸው።

"ያምራል ጋሼ። ግን የለችም።"

ስልኩን አውጥቶ የሌላ አገር ሰዎች ካታውን ሲሠሩ አሳያቸው። ጃፓናዊው ወደ ጀመረበት ተመለሰ። ግብፃዊቷም ተመለሰች። ብራዚላዊውም። ማስተር መነጽራቸውን አድርገው አራት ሰው ካዩ በኋላ ስልኩን በሁለት እጃቸው መለሱለት።

"ልጆቹን አትጣልብኝ። ስህተቱ የኔ ነው።"

ፈተናው በሦስት ወር ተራዘመ። በማግስቱ ጠዋት ማስተር ለሰርኬ ደወሉና "ምስክር ያስፈልገኛል፤ ነይ" አሏት። ይዘዋት የሄዱት እሳቸው ራሳቸው በልጅነታቸው ካራቴ ወደተማሩበት ቤት ነው። ዛሬ ጎሚስታ ቤት ሆኗል። ባለቤቱን አስፈቅደው ጫማቸውን አወለቁና በጎማዎቹ መሃል ካታውን ጀመሩ። ዘጠነኛው ላይ ሲደርሱ አፍንጫቸው ከአንድ የሲሚንቶ ምሰሶ ፊት ቆመ። አንድ ስንዝር ቢቀረው ነው።

ምሰሶውን በመዳፋቸው ነኩት። ከዚያ ወደ ግራ ተራመዱ።

"ምሰሶው ነው" አሉ። "መምህራችን 'እዚህ ጋ ወደ ግራ' አሉን። ለምን ብለን አልጠየቅንም፤ ምሰሶው ይታየን ነበራ! ኋላ ቤት ስንቀይር ምሰሶው ቀረ፣ እርምጃዋ ግን ተከተለችን።"

"ያ ትርጉሙስ?" አለች ሰርኬ። "ያው የድሮው ሰውዬ አይደለም ያሉት?"

"እሱን የጨመርኩት እኔ ነኝ።"

ሰርኬ ሳቋ መጣ፤ ፊታቸውን ስታይ ግን ጠፋ። አራት ዓመት ሙሉ የተጽናናችበት ነገር የሲሚንቶ ምሰሶ ሆኖ ተገኘ።

ሌላ ሰው ቢሆን ከዚያ ቀን ጀምሮ አስተካክሎ ያስተምር ነበር፤ በቃ። ማስተር ጀቤሳ ግን በሠላሳ አምስት ዓመት ውስጥ ያስተማሯቸውን ሁሉ በየቤታቸው ሄደው ሊያርሙ ተነሱ። የጉለሌን በር ሁሉ ቆጣሪ ሲያነቡ ስለኖሩ ያውቁታል። ሰርኬ እሑድ እሑድ ተከተለቻቸው። መጀመሪያ ብቻቸውን እንዳይሄዱ ብላ ነበር፤ ኋላ ግን መቅረት አቃታት።

ጳውሎስ አካባቢ መድኃኒት ቤት ያለው ሌሊሳ ካራቴ ከተወ ሃያ ዓመቱ ነው። ወረፋው በር ደርሷል።

"ሌሊሳ፣ ከዘጠነኛው በኋላ ያለችውን እርምጃ ተዋት።"

"እሺ ማስተር፣ ተውኳት" አለ፣ የቷን እንደሆነ ሳያውቅ።

"አሳየኛ።"

ነጭ ጋዋኑን እንደለበሰ በመደርደሪያዎቹ መሃል አሳየ። ወረፋ የያዙት አጨበጨቡለት። ሽሮ ሜዳ ደግሞ ሸማኔው ኤርሚ ሸማ መሥሪያው ላይ ተቀምጦ፣ "ማስተር፣ እግሬ ጉድጓድ ውስጥ ነው፤ በእጄ ላሳይዎት" አለና በጣቶቹ ተራመደላቸው። እሳቸው ጎንበስ ብለው ጣቶቹን አረሙ።

መጨረሻ ላይ የቀረው ዋቅቶላ ነበር፤ የመጀመሪያ ተማሪያቸው። ቤቱ እንጦጦ ሥር ነው። በሩን የከፈተችው ባለቤቱ አበራሽ ናት።

"ዋቅቶላ አለ?"

አበራሽ መዝጊያውን እንደያዘች ቀረች። "አልሰሙም እንዴ? ካረፈ ሐምሌ ሲመጣ ሁለት ዓመቱ ነው።"

ማስተር ደጃፉ ላይ ካለው ድንጋይ ላይ ተቀመጡ። ከዚያ ለምን እንደመጡ ነገሯት። ካታ የሚለውን ቃል ስትሰማ ፊቷ በራ።

"አውቃታለሁ እኮ! እዚሁ ግቢ ነበር የሚሠራት። መጨረሻ ላይ መቆም ሲያቅተው በብብቱ ደግፌው አብረን እንሠራት ነበር።"

ነጠላዋን አጣፍታ ተነሳች። አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት እያለች፣ በዝግታ፣ የታመመ ሰው እንደደገፈች ሁሉ ክንዷን ከጎኗ ከፈት አድርጋ ሄደች። ዘጠነኛው ላይ ቆመችና ወደ ግራ ተራመደች።

"እዚህ ጋ ስንደርስ ሁልጊዜ ይስቅ ነበር። 'አየሽ አበራሽ፣ ፈቀቅ አልን' ይለኝ ነበር።" ዞር ብላ አየቻቸው። "ልክ ነው አይደል?"

ሰርኬ ማስተርን አየቻቸው።

"ልክ ነው" አሉ ማስተር ጀቤሳ።

ጫማቸውን አውልቀው አበራሽ አጠገብ ቆሙ። ሰርኬም ከኋላቸው ቆመች። ከአሥረኛው ጀምረው እስከ ሃያ አንደኛው ሦስቱም አብረው ጨረሱ።

ቁልቁለቱን ወረዱ። አስፋልቱ ጋ ሲደርሱ ማስተር ወደ ሰርኬ ዞሩ።

"ፈተናው ላይ ያለ እርምጃዋ ነው የምትሠሪው።"

"እሺ ማስተር።"

"ቤትሽ ግን እንደፈለግሽ።"

ሰርኬ በእሺታ ራሷን ነቀነቀች። እኚህ ሰው "እንደፈለግሽ" ሲሉ በሕይወቷ የሰማችው ያን ቀን ብቻ ነው።