ሁሉም በየቆጣሪው

እናንተ ጋ ሞቀ ሲባል ሰው ሹራቡን ያወልቃል አይደል? እዚህ ጅዳ፣ ነሐሴ ላይ፣ የሚወልቅ ልብስ አልቆ የሚቀረው ቆዳ ነው። እሱንም ባወልቀው ደስ ይለኝ ነበር። ደክሞኛል። ስለዚህ ሌላ ወሬ ያጣ ይመስል ስለ መብራት ክፍያ ባወራላችሁ አትፍረዱብኝ። እዚህ መብራት ማለት አምፖል አይደለም። መብራት ማለት መስኮት ላይ ተሰክቶ ቀን ከሌት የሚያጓራው የአየር ማቀዝቀዣ ነው። ሙከይፍ እንለዋለን። ሰውዬው ሥራ አለው ወይ ከማለታችን በፊት ክፍሉ ሙከይፍ አለው ወይ እንላለን።

እኔ ሹፌር ነኝ። ዑምራ የሚያደርጉ ሰዎችን በሚኒባስ ከጅዳ መካ፣ ከመካ ጅዳ አመላልሳለሁ። የፊተኛው ተሳፋሪ በረደኝ ይላል፣ የኋለኛው ተቃጠልኩ ይላል፣ ሁለቱም ወደ አላህ ቤት እየሄዱ በመሀል እኔን ይረግሙኛል። የምኖረው ሰቢል የሚባል ሰፈር፣ አንድ አሮጌ ሕንጻ ላይ ነው። አብዛኞቻችን የወሎ ልጆች ነን። ግድግዳው ስስ ስለሆነ አንዱ ሲያስነጥስ ሦስት ክፍል ይመርቀዋል።

ድሮ መብራት የምንከፍለው በቁርጥ ነበር። ክፍል ያለው ሁሉ አንድ የታወቀ ሒሳብ ከኪራዩ ጋር ለሕንጻው ዘበኛ፣ ለአቡ ሳሊም፣ እጅ በእጅ ይሰጣል፤ ኸላስ። ብትጠቀም ባትጠቀም ያው ነው። ታዲያ የከፈለ ሰው ያጠፋል እንዴ? ሥራ ሲሄድ ሙከይፉን ለፍራሹ ለቆለት ይሄዳል። ጎረቤቴ ሰዒድ፣ ግንባታ ላይ የሚሠራው፣ ጭራሽ በሩን ከፍቶ ኮሪደሩን ያቀዘቅዝ ነበር። ለምን ስለው፣ ከፍዬበት የለ እንዴ፣ ድመቷም ትጠቀም አለኝ። አቡ ሳሊምም ሞኝ አይደለም፣ ቁርጡን ከፍ፣ ደግሞ ከፍ ያደርገዋል። ኢቃማ፣ ማለት የመኖሪያ ፈቃድ፣ እና ባንክ ያለው ሰው፣ ቆጣሪው በስሙ ከሆነ፣ የተጠቀመበትን ብቻ በስልኩ ይከፍላል። ወረቀት የሌለው ጥሬ ገንዘቡን ይዞ ዘበኛው አፍ ላይ ይንጠለጠላል። መብራቱ አንድ፣ ዋጋው ሁለት።

ሀብታም ቤት ደግሞ ሌላ ነው። ሚስቴ ሉባባ ሳንጋባ በፊት የምትሠራበት ቤት ሒሳቡ በቀጥታ ከባንክ ነው የሚቆረጠው። ማዳሟ ስንት እንደሆነ ጠይቃም አታውቅ። ሰው የማይቀመጥበት የእንግዳ ሳሎን ዓመቱን ሙሉ እንደ በረዶ ነው። የሉባባ መኝታ ኩሽና አጠገብ ነበር፤ ሙከይፍ የሚባል አልደረሰውም። አንድ ቀን ሳሎኑን ላጥፋው ወይ ብትላት፣ ተይው ሶፋው ይሞቀዋል አለቻት። ሉባባ ወላሂ የዚያን ቀን ሶፋ መሆን ተመኘሁ ትላለች።

እንግዲህ እኔ ይሄን ሁሉ ሳይ ከርሜ አንድ ቀን ከጁምዓ መልስ ጎረቤቶቼን ሰብስቤ ንግግር አደረግሁ። ምን አስነካኝ? በየበሩ ካርድ የሚሞላ ቆጣሪ ይተከል አልኩ። ቀድመህ ትሞላለህ፣ የሞላኸውን ትጠቀማለህ፣ ሲያልቅ ድርግም። ያጠፋ ይጠቀማል፣ ያበራ ይከፍላል፣ ፍትሕ ማለት ይሄ ነው። ሰዒድ እጄን ሳመኝ ልበላችሁ። አቡ ሳሊም ትንሽ አኮረፈ፣ ከዚያ የካርዱን መሙያ ኮሚሽን ለእሱ ስናደርግለት ቆጣሪዎቹን ራሱ አስተከለ።

የመጀመሪያው ወር ዱዓ ብቻ ነበር። ሰው ኪሱ ውስጥ የተረፈውን እያየ እኔን ይመርቃል። ሕንጻው ጸጥ አለ። ያ ሁሉ ማጓራት የት ሄደ? ሰው ቆጣሪው ላይ ቁጥር ሲወርድ በዓይኑ እያየ እንዴት ያብራ? ጠፋ። ሁሉም አጠፋ።

እኛ ግን ማጥፋት አንችልም። ሉባባ ወሯ ገብቷል። ሐኪሟ የደም ግፊቷ ከፍ ብሏል፣ ከሙቀት ትራቅ፣ ትተኛ፣ ጸጥታ ትፈልጋለች ብላናለች። እንዲህ ሆኖ በሕንጻው ላይ ቀዝቃዛ ክፍል የእኛ ብቻ ቀረ።

የቀረውን ገምታችሁታል። ነፍሰ ጡር ብቻዋን አትተውም ተባለ። መጀመሪያ ሁለት ሴቶች ሊያጫውቷት መጡ። ከዚያ ባሎቻቸው ሚስቶቻቸውን ፍለጋ መጡ። ከዚያ ሰዒድ ትራሱን ይዞ መጣ። ትራስ ይዞ የመጣ እንግዳ አይታችሁ ታውቃላችሁ? ከመካ ስመለስ ጫማዬን የማወልቅበት ቦታ ላይ የሰው ጫማ ተቆልሏል። ቤቴ ውስጥ ቁርዓን የሚቀራው ይቀራል፣ ወደ ደሴ የሚደውል ይደውላል፣ ሉባባ ጥጉ ላይ ነጠላዋን ተከናንባ እግሯ አብጦ ትገላበጣለች። በጆሮዬ፣ "ለአንድ ሰዓት ዝም ያለ ቤት ብታመጣልኝ ሌላ ምንም አልጠይቅህም" ትለኛለች። ካርዱን ጠዋት ሞልቼው ማታ ያልቃል፤ እሱን እንኳ ተዉት። እኔ የፈራሁት ለእሷ ነው።

ታዲያ ውጡ አትላቸውም ትሉኛላችሁ። እስቲ እናንተ በሉ! ሰው ከቤትህ ውጣ ይባላል? እኔ አንደበቴ እምቢ አለኝ። ብልሃት ፈጠርኩ፤ ሙከይፉ ተበላሽቷል ብዬ አጠፋሁት። ይሄዳሉ ብዬ ነው። ጭራሽ አዘኑልን! አንዷ በረዶ አመጣች፣ አንዷ በካርቶን ታራግብ ጀመር፣ ሰዒድ መፍቻ ይዞ ሙከይፉን ሊፈታው ወንበር ላይ ወጣ። ሉባባ ላብ በላብ ሆና ስታየኝ ሮጬ ሄጄ አበራሁት። ሰዒድ ሙከይፉን ነካ ነካ አድርጎ ያዳነው መስሎት አልሐምዱሊላህ አለ። ሁሉም መረቁት።

ምጧ የመጣው በጠራራ ፀሐይ፣ እኔ መካ ተሳፋሪ ሳወርድ ነው። ቤቱ ሙሉ ሴት ስለነበር ይዘዋት ሆስፒታል ገቡ፤ ለዚህስ ውለታቸውን አልክድም። ሴት ልጅ ወለደችልኝ። ሐኪሟ ስትሸኘን ግን ግፊቱ አልወረደም፣ ዕረፍት ካላገኘች እኔን እንዳትወቅሱ ብላ ጣቷን ቀሰረችብኝ። ቤት ስንደርስ አራስ ጥየቃ ብሎ ያልመጣ የለም። ከሌላ ሰፈር፣ ከካራንቲና ሳይቀር ሰው መጥቷል። ሉባባ ሰውን አይታ እንባዋ መጣ። የደስታ ነው ተባለ።

ያን ጊዜ እትዬ ዘሐራ ተነሱ። ትምህርት ቤት የሚያጸዱ፣ ላይኛው ፎቅ ብቻቸውን የሚኖሩ ሴት ናቸው፤ ስንጣላ የሚያስታርቁን እሳቸው ናቸው። ሕፃኗን ታቀፉ፣ ሉባባን ክንዷን ይዘው ተነሽ አሏት፣ ማንንም ሳያስፈቅዱ ወደ ክፍላቸው ወሰዷት። ካርዳቸውን ሞልተዋል፣ ሙከይፋቸው ይሠራል፣ አልጋው ተነጥፏል። የካርዱን ልክፈል ብዬ ኪሴ ስገባ እጄን መቱኝ።

"የገረመኝ የአንተ ዝምታ ነው" አሉኝ በሩ ላይ። "ሚስትህ እንዲያ ስትሆን አፍህን ምን ያዘው?"

"አፈርኩ፣ እትዬ።"

"ሰው አፍሮ ሚስቱን ይገድላል?"

በሩን ዘጉብኝ። በበሩ ቀዳዳ የሙከይፉ ድምፅ ብቻ ይሰማል። ሉባባ ያን ቀን ተኛች፣ በማግስቱም ተኛች፣ ግፊቷ ወረደ። አላህ ለእትዬ ዘሐራ ዕድሜ ይስጣቸው፤ ይሄን ስጽፍ እንኳ ዓይኔ ይሞላል።

ግፊቷ መውረዱን የሰማሁ ዕለት ደረጃውን እየዘለልኩ ወረድኩ። አሁን አራስ የለ፣ ነፍሰ ጡር የለ፤ ሙከይፌን አጥፍቼ ለመጀመሪያ ጊዜ በባዶ ቤቴ ልተኛ ነው። በሩን ስከፍት ቤቱ ጢም ብሏል። የአባቱን እንኳን ደስ ያለህ ሊሉ መጥተዋል። አባትም ብቻውን አይደሰትም አሉኝ።

እሺ፣ ዛሬ እናገራለሁ አልኩ። እትዬ ዘሐራ ያሉኝ አልወጣልኝም። ጉሮሮዬን ጠረግሁ፤ ሰው ሁሉ ዞሮ አየኝ። ሰዒድ፣ ሙከይፉ ሥር ተጋድሞ፣ ከእኔ ቀደመኝ።

"ወንድሜ፣ በጣም አበዛኸው" አለኝ። "ብርድ ልብስ የለህም?"

ከሳጥን አውጥቼ ሰጠሁት። ምን ላድርግ? አፈርኩ።