ከበሩ ወዲህ የሚቀረው ተሸካሚ

...ታዲያ በፕሮቲን ይቀናል ወይ ትለኛለህ? ይቀናል፣ ጌትዬ። አንተ እንፍራንዝ ሽንኩርትህን ኮትኩተህ ስትተኛ፣ እኔ እዚህ ጣና ዳር የደልጊን ጀልባ እየጠበቅሁ፣ በዓይን በማይታይ ነገር እቃጠላለሁ።

እማዋይሽን ታውቃት የለ፣ ስምንተኛ ክፍል አብራን የነበረችዋን። እኔ አቋርጬ ከጆንያ ጋር ተጋባሁ፣ እሷ ዩኒቨርሲቲ ገባች። ያው የኔ ናት። ናት መሰለኝ። ሰሞኑን ግን አፏ ላይ ያለው አንድ ስም ነው፤ ሳይቶክሮም ሲ። ዛሬ ክፍል ፊት ቆማ የምታስረዳው ትምህርት ነው። ምኑ ነው እንዲህ የሚወደደው አልኋት።

እንደ አንተ ተሸካሚ ነው አለችኝ። ሰው ገላ ውስጥ ጉልበት የሚሠራባት ጓዳ አለች አሉ። እሱ እዚያ ከአንዱ ማሽን ኤሌክትሮን ይቀበላል፣ ለሌላው ያስረክባል። አንድ ባንድ። ከዚያ ባዶውን ይመለሳል። ራሱ ትንሽዬ ነው፣ እንደ ክር ድውር የተጠቀለለ። መሐሉ ላይ ሂም የሚሉት ጠፍጣፋ ነገር፣ እምብርቱ ላይ ብረት። የሚሸከመው በብረቱ ነው። እሱ ከቆመ የምንተነፍሰው አየር ከንቱ ነው አለች።

እንግዲህ ፍረድ። እኔ ኩንታል ስሸከም ማን እንዲህ አወራልኝ? እሱ መሐሉ ብረት አለው፣ እኔ ወገቤ ላይ ያለው ውጋት ነው።

ይሁን አልሁ። የነደድሁት በኋላ ነው። አመሻሽ ላይ ለጥናት ስትሄድ እናቷ እትዬ ጥሩዬ ፋሲሎ ሰፈር ደጃቸው ላይ ቆመው ልጄን አደራ ይሉኛል። ቦርሳዋን ተሸክሜ እስከ ዩኒቨርሲቲው ግቢ በር አደርሳታለሁ። ልብሴ ጤፍ ጤፍ ይላል፣ ከበሩ አላልፍም። እዚያ አንድ ባለ ነጭ ጋወን የክፍሏ ልጅ ይጠብቃል። ቦርሳውንም እሷንም ይረከባል። እግዜር ይስጥልኝ ወንድሜ ይለኛል፣ ለባለጋሪ እንደሚባለው። እኔም እንደ ማሽላ እያረርሁ ስቄ ባዶዬን እመለሳለሁ።

ገባህ? ከእናቷ ተቀብዬ ለሱ የማስረክበው እኔ ነኝ። እንደ አንተ ነው ስትለኝ እኮ ደስ ብሎኝ ነበር፣ ሞኙ።

ዛሬ ሳስረዳ እንግዳ ይገባል፣ ና አለችኝ። ጀልባ አለብኝ አልኋት። የኛን ደንብ ታውቃለህ፤ ጀልባ ስትደርስ ያልተገኘ ተራው ያልፋል።

ደግሞ አንድ ነገር ነግራኛለች። ያ ተሸካሚ ከጓዳዋ ሾልኮ ከወጣ ቤቱ፣ ሕዋስ የሚሉት፣ በሙሉ ራሱን ይገድላል። ለዚህ ነው ቦታውን የማይለቀው፣ ጨዋ ነው አለች።

ይኸው ጀልባዋ ደረሰች። ስሜን እየጠሩ ነው። ይጥሩ፣ ተራዬን ለፈለጉት ይስጡ። ጨዋነቱን ለፕሮቲኑ ትቼለታለሁ፤ ዛሬ ከበሩ አልፌ መሐላቸው ነው የምቀመጠው። የሚሞተው ማን እንደሆነ እናያለን።

በል ስልኩን ልዝጋው፣ እግሬን ልታጠብ።